የማያመው የደም ሥር፦ ግፊት፣ ስኳርና ስትሮክ ጎንደር ላይ ለምን ዘግይተው ይታወቃሉ?

ጎንደር ውስጥ የጤና ወሬ ሲነሣ የሚሰማው ነገር እየተመሳሰለ መጥቷል። እማዬ ግፊት አለባት። አባዬ ስኳር አለበት። አጎቴ ኩላሊቱን ታሟል። ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ባለፈው ስትሮክ መቷቸው አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። ሲሰሙት አራት ሰው፣ አራት በሽታ ነው። የክትትል ቀኑ ይለያያል፣ ክፍሉ ይለያያል፣ መድኃኒቱም ይለያያል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን አራቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ የደም ሥር ግድግዳ። ይህ ግድግዳ ሲጎዳ አያምም። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የማያምም ነገር እየተጎዳ መሆኑን በስሜት ማወቅ አይቻልም። የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሐኪም ቤት የምንሄደው ሲያመን ነው።

እስቲ ከአሠራሩ እንነሣ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ጎልማሳ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ልብ፣ ቁጭ ባልንበት እንኳ፣ በአንድ ደቂቃ 5 ሊትር ያህል ትረጫለች። ሙሉው ደማችን በየደቂቃው አንድ ዙር ይዞራል ማለት ነው። ከልብ የሚወጣበት ዋናው ደም ቅዳ አውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ከዚያ እየተከፋፈለና እየቀጠነ ይሄድና መጨረሻ ላይ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ የማይበልጥ ቀጫጭን ሥሮች ጋ ይደርሳል። ቀይ የደም ሕዋሶች እዚህ ቦታ የሚያልፉት ተሰልፈው፣ አንድ በአንድ ነው። ኦክስጅኑና ምግቡ ለሰውነት የሚታደለው፣ ቆሻሻው የሚነሣው እዚሁ ነው። ከዚያ ደሙ በደም መልስ በኩል ወደ ልብ ይመለሳል።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። የጣታችሁን ጥፍር ጫን አድርጉት፤ ይነጣል። ልቀቁት፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ይቀላል። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ባዶ ሆነው ሲሞሉ አያችሁ ማለት ነው። ሐኪሞች ብዙ ደም የፈሰሰውን ወይም ፈሳሽ ያለቀበትን ሕፃን ሲመረምሩ ይህንኑ ያደርጋሉ።

አሁን ደግሞ እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥሉት። የእጃችሁ ጀርባ ላይ ያሉት ሥሮች ይወጠራሉ። አንዱን ሥር በጣቶቻችሁ መነሻ በኩል በአንድ ጣት ተጫኑት። በሌላ ጣት ከዚያው ተነሥታችሁ ደሙን ወደ አንጓችሁ አቅጣጫ ጥረጉት፤ ከዚያ የጠረገውን ጣት ብቻ አንሡት። ሥሩ የተወሰነው ርቀት ባዶ ሆኖ ይቀራል። ከላይ ያለው ደም ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ደም መልሶች ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ ቫልቮች አሉና። የመጀመሪያውን ጣት ስታነሡት ሥሩ ከታች ወዲያው ይሞላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ ደም በሰውነት ውስጥ እየዞረ እንደሚመለስ በ1628 ያስረዳው እንዲህ ባለ ቀላል ሙከራ ጭምር ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 ከመቆርቆራቸው 8 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ሃርቪ ግን ደም ከደም ቅዳው ወደ ደም መልሱ በምን በኩል እንደሚሻገር በዓይኑ አላየም። ቀጫጭኖቹን ሥሮች ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ በ1661 በማይክሮስኮፕ የእንቁራሪት ሳንባ ላይ አያቸው።

የደም ሥርን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው የጎንደር ሰው ግፊት ሲያንስና ቧንቧ ሲደፈን ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም። ምሳሌው ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደን። ቧንቧ በድን ነው፤ የደም ሥር ሕይወት አለው። ግድግዳው ውስጥ ጡንቻ አለ። ይጠብባል፣ ይሰፋል። ስንሮጥ ለእግር፣ ስንበላ ለሆድ ብዙ ደም እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። ከሁሉ በላይ የሚገርመው የውስጥ ገበሩ ነው። አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። ደሙ ያለ ቦታው እንዳይረጋ ይጠብቃል። ከደሙ ወደ ሥጋ የሚያልፈውን ይመርጣል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያመረተም ጡንቻው እንዲላላ ይነግረዋል። ይህን ጋዝ በተመለከተ ላደረጉት ምርምር ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

እንግዲህ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና በደም ውስጥ የበዛ መጥፎ ኮሌስትሮል በየፊናቸው መጥተው የሚያርፉት በዚህ ስስ ገበር ላይ ነው። ገበሩ ሲቆስል ስብ ከገበሩ በታች ይሰርጋል። ሰውነት ስቡን ሊያጸዳ ነጭ የደም ሕዋሶችን ይልካል፤ እነሱም ስቡን ጠግበው እዚያው ይቀራሉ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ እብጠት ይሆናል፣ መንገዱን ያጠብባል። መጥበቡ ደግሞ ከምንገምተው በላይ ይከፋል። የደም ሥር ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ደም በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛው ነው የሚወርደው። ያም ሆኖ ሰው የሚሞተው ሁልጊዜ ሥሩ ቀስ በቀስ ተዘግቶ አይደለም። ብዙ ጊዜ ያን ያህል ያላጠበበ እብጠት ድንገት ይፈነዳል፣ በላዩ ላይ ደም ይረጋል፣ በደቂቃዎች ውስጥ መንገዱ ይዘጋል። ልብ ላይ ሲሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እንላለን፣ አንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ። "ትናንት ከእኛ ጋር ሲስቅ አምሽቶ" የሚባለው ለዚህ ነው። በሽታው ግን የትናንት አይደለም፤ የሃያ ዓመት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ የሚለካው ግፊት ነው። ላይኛው ቁጥር ልብ ስትጨምቅ፣ ታችኛው ልብ ስታርፍ ደሙ ግድግዳው ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። 120 በ80 ደህና ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት በሽታ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮኑ ይህ በሽታ አለባቸው፤ ከእነዚህ 46 በመቶው አያውቁም። ጉዳዩ የሀብታም አገር ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ የራሳችንን ከተማ ይመልከት። በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ነዋሪዎች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት ከመቶ ሰው 28 ያህሉ ግፊት እንዳለባቸው አግኝቷል። ከእነሱ ውስጥም ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ የሚሆነው በሽታው እንዳለበት አያውቅም ነበር።

አያውቅም ማለት ግን ሁልጊዜ አልተለካም ማለት አይደለም። አለካኩም ራሱ ችግር አለበት። እስቲ ከዳባት ወይም ከአምባ ጊዮርጊስ ለሕክምና የሚመጡ አንድ አባት እናስብ። ሌሊት ተነሥተው መኪና ያዙ። አውቶቡስ ተራ ወርደው በባጃጅ መጡ። ካርድ ለማውጣት ተሰለፉ፣ ሽንታቸውን እንደያዙ ደረጃ ወጡ፣ ተራቸው ሲደርስ እየተጣደፉ ገቡ። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ነው። የሸሚዛቸው እጅጌ ተጠቅልሎ ክንዳቸውን ጨምድዶ ይዟል። እጃቸው ተንጠልጥሏል፤ "ምንዎን ነው የሚያምዎት አባቴ?" ተብለው እየመለሱ ይለካሉ። እንዲህ ያሉ ነገሮች ቁጥሩን ሊያዛቡት፣ አብዛኞቹም ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ትክክለኛው አለካክ ብዙም አይከብድም። ከመለካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም የለም። ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት። ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት አስነክቶ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። መጠቅለያው በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል፤ ክንዱ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እየተለኩ ወሬ የለም። ሁለቴ ተለክቶ አማካዩ ይያዛል። ባለሙያው ቢቸኩል እንኳ "ትንሽ ልቀመጥና ለኩኝ" ማለት ነውር የለውም።

ታዲያ በሽታው ታውቆ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ያለው። "ራሴን ሲያመኝ ነው የምውጠው" የሚል ሰው ብዙ ነው። "ተለክቼ ደህና ነህ ስላሉኝ ተውኩት" የሚልም አለ። ግፊት ደህና የሆነው እኮ መድኃኒቱ ስለተዋጠ ነው። ሲቆም ይመለሳል። ራስ ምታት ደግሞ መለኪያ አይሆንም፤ 180 በ110 ይዞ እርሻ ውሎ የሚገባ ሰው አለ።

አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚያቆመው በቂ ምክንያት ያለው መስሎት ነው። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ሊያብጥ ይችላል። "ኩላሊቴን ጎዳኝ" ብሎ ይደነግጣል። መድኃኒቱ የደም ቅዳዎችን ጡንቻ ስለሚያላላ ወደ ቀጫጭኖቹ ሥሮች የሚገባው ደም ይበረታል፣ ትንሽ ፈሳሽ ወደ ሥጋ ይሾልካል፤ እብጠቱ የዚህ ውጤት ነው። ለሐኪም ሲነገር መጠኑ ይቀንሳል ወይም ይቀየራል። ኢናላፕሪል በበኩሉ አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። እሱም የሚቀየር ነው፤ ነፍሰ ጡር ግን ጭራሽ ልትወስደው አይገባም። ጾም ላይ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን እንክብል ይዘለዋል። ሁለት ወር የሚጠጋ የዐቢይ ጾም ሲሆን ቀላል ነገር አይደለም። በቀን አንዴ የሚወሰዱት ብዙዎቹ ማታ ቢዋጡ ችግር የለባቸውም። የሚያሸናው መድኃኒት ሌሊት ስለሚያስነሣ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ያሻል። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ባለመጠየቁ ግን ጾም በመጣ ቁጥር ክትትል ይቋረጣል።

ለግፊት ይሆናሉ የሚባሉት ነጭ ሽንኩርቱም፣ የሽፈራው ቅጠሉም ለምግብነት ደህና ናቸው። በመድኃኒቱ ምትክ ሲሆኑ ነው ችግሩ። ዋግምት ከቆዳ ላይ ጥቂት ደም ያወጣል፤ ሰውነት የጎደለውን ፈሳሽ ወዲያው ይተካል፣ የጠበበው ሥር ግን እንደጠበበ ነው።

ጨው ላይ ግን ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በ2015 በመላ አገሪቱ የተደረገ ጥናት የኢትዮጵያውያንን አማካይ 8 ግራም ገደማ አድርጎታል። ከየት ነው የሚመጣው? ማጀት ገብቶ ማየት ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ምጥን ሽሮውም እንደዚያው። ወጡ ሲሠራ ሌላ ጨው ይጨመራል። ገበታው ላይ ሚጥሚጣና አዋዜ ይቀርባል፤ እነሱም ጨው አላቸው። በገጠሩ ቡናም በጨው ይጠጣል። እያንዳንዱ ቁንጥር ጥቂት ይመስላል፤ ሲደመር ነው የሚታየው። ጨው ውሃ ይይዛል፣ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ግድግዳው ይጨነቃል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨውን ትቶ ድስቱ ላይ ብቻ መጨመር ቢለመድ ብዙ ይቀንስ ነበር። ይህን ውሳኔ የሚወስኑት ሐኪሞች ሳይሆኑ እናቶቻችን ናቸው።

ስኳር ቀጫጭኖቹን ሥሮች ለይቶ ያጠቃል። ቀጫጭን ሥር የበዛባቸው ዓይንና ኩላሊት መጀመሪያ የሚጎዱት ለዚህ ነው። አንድ ኩላሊት ብቻ አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያ አለው፤ እያንዳንዱ ማጣሪያ የቀጫጭን ሥሮች ድቡልቡል ነው። እግር ላይ ደግሞ ሁለት ጉዳት አንድ ላይ ይመጣል፤ ነርቩ ይደነዝዛል፣ የደም ዝውውሩም ይደክማል። በደጋው ብርድ ምሽት ላይ እሳት ዳር እግሩን ሲያሞቅ የሚቃጠል የስኳር ሕመምተኛ ላይሰማው ይችላል። ቁስሉን የሚያየው በማግስቱ ነው፤ ደም በደንብ ስለማይደርሰው አይድንም። እየጠቆረ ከሄደ መቆረጥ ይመጣል። ስለዚህ በየማታው እግርን ገልብጦ ማየት፣ የማይጨምቅ ጫማ ማድረግ፣ እሳትና የፈላ ውሃን መራቅ ትልቅ ሕክምና ነው። ከእግር አናት ላይ፣ ከአውራ ጣት ጅማት ጎን፣ የሚመታ የደም ሥር አለ። ብዙ ሰው ላይ በጣት ይዳሰሳል። የስኳር ክትትል ላይ ይህ ቦታ መዳሰስ አለበት፤ ካልተዳሰሰ ጠይቁ።

ስለ ስትሮክ ብዙ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነገረው "ነፋስ ነካው" ነው። ፊት ድንገት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ግን ሰዓት መቁጠር መጀመር አለበት። ደም የተቋረጠበት አንጎል በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሕዋስ ያጣል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ ባለበት ሆስፒታል፣ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መተማ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ ከዚያው ላይ የሚቀነስ ነው። ጸበል ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ሌላም አደጋ አለ። አንዳንዱ ስትሮክ ሥር ተዘግቶ፣ አንዳንዱ ሥር ፈንድቶ ነው የሚመጣው። በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በሲቲ ስካን ነው። አስፒሪን ለአንዱ ይረዳል፣ ሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ አስፒሪን አይሰጥ። መዋጥ ላይችል ስለሚችል ውሃም ምግብም በአፉ አይግባ። "መቼ ጀመረው?" የሚለውን ሰዓት ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ደም መልሶች ሌላ ጣጣ አላቸው። ቆመን ስንውል ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት ከ80 በላይ ይደርሳል፤ ስንራመድ የባት ጡንቻ እየጨመቀ ወደ ላይ ስለሚገፋው ከ30 በታች ይወርዳል። መምህር፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ጥበቃ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሁሉ ቫልቮቹ ሊላሉበትና ሥሮቹ ሊተበተቡበት ይችላሉ። የሚያስፈራው ግን እሱ አይደለም፤ በጥልቁ ሥር ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። ከወሊድና ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ወይም እስከ አዲስ አበባ እንዳለው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የአውቶቡስ ጉዞ በኋላ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባቱ ካመመ ቅባት አይቀቡት፣ አያሹት። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። መንገድ ላይም አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርዶ መራመድ ነው።

ነፍሰ ጡሮችን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከ20 ሳምንት በኋላ የሚነሣ ግፊት የእንግዴ ልጁና የእናትየው የደም ሥሮች ችግር ነው፤ የእናትንም የልጅንም ሕይወት ይነጥቃል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከሆድ በላይ በኩል ሕመም ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ከወለደች በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊመጣ ስለሚችል አራስ ቤት ያለች እናት "ራሴን ፈለጠኝ" ስትል ድካም ነው ተብሎ አይታለፍ።

"የደጋ ሰው ደሙ ይወፍራል" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢያልና የባልደረቦቿ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ወገኖቻችንን መርምሮ የሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠናቸው በባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች እንደዚያ አይደሉም፤ የእነሱ ከፍ ይላል። ደጋ መኖር ግፊት እንዳይለኩ ምክንያት አይሆንም።

ጎንደር ለሕክምና አዲስ ከተማ አይደለችም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1954 ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን የጀመረው እዚህ ነው። ያኔ የተዘጋጁት ለወባና ለመሰል ወረርሽኞች ነበር። ወባ ይይዛል፣ ይታከማል፣ ይድናል፤ የካርዱም ታሪክ እዚያ ላይ ያበቃል። የደም ሥር በሽታ ካርዱ አይዘጋም። ከአንድ ሰው ጋር ሠላሳ ዓመት መሄድ አለበት። አሠራራችን ግን አሁንም ሰው ሲያመው መጥቶ ሲሻለው እንደሚሄድ አድርጎ የተዋቀረ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ቢለወጥ ብዙ ሕይወት ይተርፋል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ በየትኛውም ምክንያት ጤና ጣቢያ የገባ ጎልማሳ ሁሉ ግፊቱ ቢለካ። ለጉንፋንም ይምጣ፣ ልጁን ለማስከተብም ይምጣ። ሁለተኛው የቀጠሮ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግፊታቸው ለተስተካከለ ሰዎች ክትትሉ በየ3 እስከ 6 ወር ቢሆን በቂ ነው ይላል። የደባርቅ ገበሬ መድኃኒት ለመቀበል በየወሩ ጎንደር ድረስ መመላለስ የለበትም። የትራንስፖርት ብሩ፣ የሚባክነው የሥራ ቀን፣ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ተደምሮ ነው መድኃኒቱን የሚያስቆመው። ግፊቱ የተስተካከለ ሰው የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጠው፤ በመካከሉ ደግሞ ቅርቡ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትለካው። እናንተም ቀጣዩ ቀጠሯችሁ ላይ ግፊታችሁ ደህና ከሆነ "የሦስት ወሩን መስጠት ይቻላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።